ከቢራ ሳጥኑ ላይ ያልቆመው ሰው

የሟቹ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። ዝም ይልና እንደገና ይጮኻል። የሚደውሉት በሦስተኛው እርሻ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ ማቲያስ በሁለተኛው መሞቱን ገና አልሰሙም።

የ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። የኣቶ ኣታኽልቲ የወተት ላሞች እርባታ ከመቐለ ወደ ኵሓ መውጫ፣ ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ የሚነሣው አውሮፕላን ጣሪያ ሊነጥቅ የደረሰ በሚመስልበት ሜዳ ላይ ነው። ማቲያስ ከማለቢያው ቤት መውጫ፣ ከብረቱ በር ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የቀኝ መዳፉ ላይ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት አለ። ከበሩ በላይ የተላጠ የመብራት ሽቦ ተንጠልጥሎ ብረቱን ነክቷል። የከተማው መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ጧት ሽቦው ውስጥ የነበረው የጄኔሬተር ኃይል ነው።

የማቲያስ ሥራ ላምንና ኮምፒውተርን ማግባባት ነበር። የአዲስ አበባ ድርጅት ቀጥሮት፣ መቐለ ሓድነት ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ በሞተር ሳይክል ከእርሻ እርሻ ይዞራል። ላሞች አንገት ላይ ቺፕ ያለበት ቀበቶ ያስራል፤ የብረቱ በር ቺፑን ያነብና የምትታለበዋን ወደ ቀኝ፣ ጊደሯን ወደ ግራ ይልካል። አይጥ የበላውን ገመድ ይቀጥላል፤ ላም የላሰችውን አንቴና ይጠርጋል። ሰዎች ሲደውሉለት «ኮምፒውተሩ ታሟል፣ ቶሎ ና» ነበር የሚሉት። እሱም «ምን በላ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል።

ኢንስፔክተር ለተኪዳን ስትደርስ ሳጅን ሔሩይ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ተይዟል» አላት። «ኑርሁሴን የሚባል አላቢ ነው፣ የወሎ ልጅ። ትናንት ከበሩ በላይ ያለውን አምፖል ሽቦ የቀጠለው እሱ ነው። ጧት ደግሞ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ታይቷል። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሮማናት አደባባይ ወተት አድርሶ ሲመለስ በር ላይ ያዝኩት።»

«ሳጅን፣ እርስዎ ሬሳውን አይተውታል?»

ሔሩይ አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተር ለተኪዳን በተናደደች ቁጥር አክብሮቷ ይጨምራል። ሌላ ቀን «አንተ» የምትለውን ሰው «እርስዎ» ካለችው፣ ያ ሰው ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ተንበረከከች። ማቲያስ የላስቲክ ቦቲ ተጫምቷል፤ የሥራ ሱሪው በቦቲው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዷል። አንዱን ቦቲ ሳበችና ውጩንና የአንገቱን ውስጥ በእጇ ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ከዚያ ካልሲውን ነካች። የውስጥ እግሩ በውኃ ርሷል፤ የሳሙናና የኮመጠጠ ወተት ሽታ ይሸታል።

«ቦቲው ደረቅ፣ ካልሲው እርጥብ» አለች። «ዝናቡ ከየት ገባ?»

ሔሩይ ሰማዩን አየ። ሰማዩ የመጋቢት ሰማይ ነው፤ ደመና የሚባል ነገር አያውቅም።

ከበሩ አጠገብ የወተት ጣሳ የሚገፋበት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ቆሟል። ጣሳ የለበትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የከብት ሐኪሙን ዶክተር ፈንታሁንን ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ካኪ ሱሪውን ቦቲው ውስጥ አጥብቆ የከተተ።

«ጧት ከጥጆቹ ቤት አልወጣሁም» አላት። «አንዲት ጥጃ ተቅማጥ ይዟት ግሉኮስ እየሰጠኋት ነበር። ኑርሁሴንና ማቲያስ ሲጯጯሁ ግን በመስኮት አይቻለሁ። ጄኔሬተሩ ስለሚያጓራ ቃሉ አይሰማም። እጃቸው ግን ይሰማ ነበር።»

«አለባው እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነበር። ላሞቹ እንደ ጸበልተኛ ተሰልፈው ነው በዚያ በር ያለፉት። አንዷም አላስቸገረች።»

«ከዚያ ኑርሁሴን ሄደ?»

«ወዲያው። ጣሳውን ባጃጅ ላይ ጭኖ። በጾም ወተት የሚጠጡት ሕፃናትና ሙስሊሞች ናቸው፤ የሙስሊሞቹን ሱቆች እሱ ነው የሚያደርሰው። የቀረው ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ማታ ለሕፃናት ማቆያው በመኪና ይሄዳል።»

ሁለተኛዋ የሺወርቅ ናት፤ የወተት ታንከሩ ክፍል ኃላፊ፣ ረጅም ልጅ፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ኢንስፔክተሯ ክፍሉን አሳዪኝ አለቻት። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የሺወርቅ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ፣ ቦቲ ይወልቃል። እዚህ ጭቃ አይገባም፣ ሕግ ነው። ነጠላ ጫማ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሰው በካልሲ ነው የሚገባው።»

ለተኪዳን ቦቲዋን አወለቀች። የሲሚንቶው ወለል እርጥብ ነው፤ ካልሲዋ ወዲያው ራሰ። እግሯን አየች።

ታንከሩ አብረቅራቂ ብረት ነው፣ በሬ የሚያህል። ማፍሰሻ ቧንቧው ከጉልበት በታች ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ ተገጥሟል። ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ የቢራ ሳጥን ተደፍቶ ተቀምጧል።

«በጾም ቢራ ትጠጣላችሁ?»

«ኧረ! እሱማ መቆሚያ ነው። ቧንቧውን ስከፍት ከላዩ እቆማለሁ።»

«ለምን?»

«ቁመቴ እንዲደርስ።»

ለተኪዳን ልጅቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ ነጠላ ጫማዋ አየቻት። ከዚያ ቧንቧውን አየች።

«ቧንቧው ከጉልበትሽ በታች ነው። ወደ ላይ ወጥተሽ ነው ወደ ታች የምትደርሺው?»

የሺወርቅ ከንፈሯን ነከሰች።

«ወለሉን ማን አጠበው?»

«እኔ... አይ። ዛሬ ገና አላጠብኩም ነበር። የፉርሽካ መኪና መጥቶ መጋዘን ልከፍት ሄድኩ፤ ስመለስ ታጥቧል።»

«ማቲያስ እዚህ ገብቶ ነበር?»

«አላውቅም። እሱን ኣቶ ኣታኽልቲን ጠይቁ። እኔ ሠራተኛ ነኝ።» ይህን ያለችው ቶሎ ነው፣ ሰው ያስጠናውን ነገር እንደሚል ሰው።

«ማቲያስን ማን ጠራው?»

«እኔ ነኝ የደወልኩለት። በሩ ተበላሽቶ ነበር። የምትታለብ ላም ወደ ጊደሮች በረት ይልካል። ሁለት ላም፣ ሁልጊዜ እነዚያኑ። ለኣቶ ኣታኽልቲ ብነግራቸው 'ተዪው' አሉ፤ እኔ ግን ላግዛቸው ብዬ... እኔ ባልጠራው ኖሮ...»

ሦስተኛው ኣቶ ኣታኽልቲ ነው። ቢሮው ውስጥ ሁለት ስልክና አንድ ብርጭቆ የንብ ማር ፊቱ ላይ አስቀምጦ ተቀብሏታል። ስልሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ትከሻው እንደ በሬ፣ ካኪ ሱሪው ሰፊ።

«ስምዕኒ ሓፍተይ፣ ስሚኝ እህቴ» አላት። «ልጁ ወርቅ ልጅ ነበር። ቀብሩን እኔ ነኝ የማስፈጽመው፣ ሬሳውን እስከ አዲስ አበባ እሸኛለሁ። ግን ሰነፍ ሠራተኛ ሽቦ ሲቀጥል እንዲህ ነው። ያን የወሎ ልጅ ከመንገድ አንሥቼ እንጀራ ሰጠሁት፤ ይኸው ከፈለኝ።»

«ጧት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ስልክ ላይ። ብዙ ሰው ይፈልገኛል።» እጆቹን አሳያት፤ ጣቶቹ ወፍራምና የተጣመሙ ናቸው። «እነዚህን ታያለሽ? አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ላም አልቤያለሁ። ዛሬ ኣቶ ይሉኛል እንጂ እኔ ከማለቢያው ጉድጓድ ነው የወጣሁት። በላብ ነው።»

«ይታያል» አለች ኢንስፔክተሯ። «በጣም አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ። ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኣቶ ኣታኽልቲ ፈገግ አለ። ትሑት ሴት መሰለችው። ሔሩይ ግን በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ።

ከግቢው እንደወጣች ማቲያስ ጧት መጀመሪያ ወደ ሄደበት እርሻ ደወለች። ወይዘሮ ማዘንጊያ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ጥቂት ላሞች፣ ብዙ ወሬ።

«ሞተ? እኔን! አሁን እኮ ነው ከዚህ የሄደው! የቀበቶ ባትሪ ቀይሮልኝ፣ ሻይ ጠጥቶ... ስቄበትም ነበር እኮ። ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጎ፣ ልክ እንደ ወታደር። 'ማቲ፣ ወዴት ልትዘምት ነው?' ብለው 'ወደ ኣታኽልቲ' አለኝ።»

ለተኪዳን ስልኩን ዘጋችና ቆመች።

«ሔሩይ፣ ሟቹ ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ይከታል። ሬሳው ላይ ግን ሱሪው ከውጭ ነው። ኑርሁሴንን አምጣው። ደግሞ ሮማናት ላይ ወተት የሚቀበለውን ሰው ፈልግልኝ።»

ሰውየው አብዱሰመድ ይባላል፤ ሱቁ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ነው። ኑርሁሴን ወተቱን አውርዶ፣ የባጃጁ ጎማ ተንፍሶበት፣ እስኪጠገን እዚያው ተቀምጦ እንደነበር በስልክ ማለ። ለተኪዳን ስልኩን ከሔሩይ ተቀበለችና ከዛሬው ወተት ለማንም ጠብታ እንዳይሸጥ ነገረችው።

ኑርሁሴን በካቴና ታስሮ መጣ። ሠላሳ የማይሞላው፣ አጭር፣ የተቆጣ ሰው ነው። ሱሪው በቦቲው ላይ ወርዷል።

«ሱሪህን ለምን ቦቲው ውስጥ አትከትም?»

«እ?» አለ። የጠበቀው ሌላ ጥያቄ ነበር። «እኛ ጉድጓድ ውስጥ ቆመን ነው የምናልበው፣ ላሟ ከላይ ናት። ሱሪዎን ከተው ከሥሯ ይቁሙና ትሽናብዎ፤ ያኔ ይገባዎታል። ቦቲው ባልዲ ይሆናል። ያለበ ሰው ሁሉ ከውጭ ነው የሚያወርደው።»

ሔሩይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ እንግዲህ...»

«ሮማናት ነበር፣ ሳጅን። ጎማው ተንፍሶ።» ወደ ኑርሁሴን ዞረች። «ከማቲያስ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«'ወተቱን መልሰው' አለኝ። ባለቤቱ አድርስ ብሎኛል፣ አንተ ማነህ አልኩት። ከዚያ 'ልጅህም ይጠጣዋል፣ አይደል?' ሲለኝ ደሜ ፈላ። አንድ ሊትር የምወስደው ከደመወዜ ጋር ተስማምቼ ነው! ሌባ ያለኝ መስሎኝ ሰደብኩት።» ድምፁ ወረደ። «ለምንድን ነው እንደዚያ ያለኝ?»

ለተኪዳን ወደ ተንጠለጠለው ሽቦ ጠቆመች። «ሽቦውን እንዴት ነው የቀጠልከው?»

«በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከጣሪያው አስሬ። እንዲህ አልተንጠለጠለም፣ ወላሂ።»

የማታው አለባ ሰዓት ሲደርስ ሁሉንም ማለቢያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ሽቦው ግን እንደተገኘ ነው። ጄኔሬተሩ እንዲነሣ፣ ሰው ሁሉ ከበሩ እንዲርቅ፣ ላሞቹ ወደ በሩ እንዲለቀቁ አዘዘች።

የፊተኛዋ ላም ጥቁርና ነጭ ናት፤ ይህን መንገድ በየቀኑ ትሄደዋለች። ወደ በሩ ስትቃረብ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆመች። ጆሮዋን ቀሰረች። አንድ እግሯን አነሣች፣ አወረደች፣ እንደገና አነሣች። በአፍንጫዋ ተንፍሳ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ከኋላዋ ያሉት ተደራረቡ። ኑርሁሴን በካቴና በታሰሩ እጆቹ እያመለከተ «ሂጂ፣ ሂጂ» ቢላትም ንቅንቅ አላለችም።

«አጥፉት» አለች ለተኪዳን። ጄኔሬተሩ ዝም አለ። «ዶክተር፣ ጧት እንደ ጸበልተኛ ነው ያለፉት ብለውኛል።»

«አዎ...» ዶክተሩ ላሟን አፍጥጦ አያት። «ላም ትንሿም ኤሌክትሪክ ይሰማታል። ባዶ ሰኮና ናት።»

«ስለዚህ ጧት ላሞቹ ሲያልፉ ይህ ሽቦ በሩን አልነካም። ኑርሁሴን ከመጨረሻዋ ላም ኋላ ነው የሄደው። ሽቦውን ያወረደው ሰው እሱ ከሄደ በኋላ እዚሁ የነበረ ሰው ነው። ካቴናውን ፍታው፣ ሳጅን።»

ሔሩይ ፈታው። ከዚያ ሽቦው ከበሩ እንዲነሣና ከጣሪያው እንዲታሰር አደረገች፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ላሞቹ ማለፍ ጀመሩ። በሩ ቺፕ እያነበበ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ከዚያ አንዲት ቀንደ ሰባራ አሮጊት ላም መጣች፤ ጡቷ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። በሩ ወደ ግራ ላካት፣ ወደ ጊደሮቹ። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋን እንዲሁ።

ዶክተር ፈንታሁን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያቺ ቀንደ ሰባራዋ... እነዚህ ሁለቱ ነቀርሳ፣ ያው በወተት ሰው የሚይዘው ቲቢ፣ ተገኝቶባቸው ነበር። ይወገዱ ብያለሁ። ተወግደዋል ተብያለሁ!»

«ተብለዋል። ቀንዷን በየቀኑ እያዩ?»

ዶክተሩ ወለሉን አየ።

«ቀበቶ ተቀይሮላቸዋል» አለች። «የጊደር ቀበቶ፤ በመዝገቡ እንደተወገዱ እንዲታሰብ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ በሩ ግን ቀበቶውን ነው የሚያነበው። አልተበላሸም ነበር። በዚህ ግቢ እውነት ይናገር የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሁን እባካችሁ ወደ ታንከሩ ክፍል።»

ደጃፉ ላይ ሁሉም ቦቲያቸውን አወለቁ። በካልሲ ገብተው ከግድግዳው ተጠጉ። ለተኪዳን መሀል ቆመች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«ማቲያስ የሞተው እዚህ ነው። ካልሲው እርጥብ፣ ቦቲው ግን ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ሲሞት ቦቲ አላደረገም። በዚህ ግቢ ቦቲ የሚወልቀው እዚህ ብቻ ነው። የነቀርሳ ላሞች ወተት ታንከሩ ውስጥ እንዳለ ገባው። ኑርሁሴንን ሊያስቆም ሞከረ፣ አልቻለም። ስለዚህ ይህን ሊያፈስ መጣ። የሺወርቅ፣ የዚህን ክፍል ቁልፍ እርስዎ ሰጡት?»

«እርስዎ» ስትባል ልጅቷ እንባዋ ዱብ አለ።

«ሰጠሁት። 'ሰጠሁት ካልሽ አንቺም ትታሰሪያለሽ' ብለውኝ ነው።»

«የቢራ ሳጥኑስ?»

«ታንከሩ ይነዝራል። ሁለት ወር ሆነው። እና... ከሳጥኑ ላይ ስንቆም አይዘንም። ወይም ከማብሪያው አጥፍተን ነው የምንነካው። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ ብረቱ አስተጋባ። «የሚገድል ዕቃ ይዛችሁ፣ ኤሌክትሪሺያን በመጥራት ፈንታ የቢራ ሳጥን አመጣችሁ! ለራሳችሁ መቆሚያ! ለመጪው ሰው ግን አንድ ቃል ከአፋችሁ አልወጣም!»

ለተኪዳን ድምጿን መልሳ ዝቅ አደረገች።

«ማቲያስ ግን ቁልፉን ተቀብሎ እንደገባ መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋ፤ ማሽን ሳያጠፋ የማይነካ የሥራ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ያዘ። ከበሩ አጠገብ የቆመ ሰው አበራው። ከዚያ ሬሳውን በጣሳ ጋሪ ጭኖ ወደ በሩ ወሰደ፣ ቦቲውን አጫማው፣ ሽቦውን ላጠና አወረደ፣ ወለሉን አጠበ። ጄኔሬተሩ እያጓራ ማን ይሰማል? በሉ፣ ወደ በሩ እንመለስና ጋሪውን ላሳያችሁ።»

ወጡ። ደጃፉ ላይ ሁሉም ጎንበስ ብለው ቦቲያቸውን ተጫሙ። ለተኪዳን ግን አልተጫማችም፤ እግሮችን ታያለች።

የሺወርቅ ሱሪዋን ከተተች። ዶክተር ፈንታሁን ሱሪውን ከተተ። ኑርሁሴን ከውጭ አወረደው። ኣቶ ኣታኽልቲም ሰፊውን ካኪ ሱሪውን ሳያየው፣ በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቹ፣ ከቦቲው ውጭ ወደ ታች መታ መታ አድርጎ አስተካከለው።

«ማቲያስ ሱሪውን ይከት ነበር» አለች ለተኪዳን። «ከሞተ በኋላ ያጫማው ሰው ግን ከውጭ አወረደለት። የላም ሽንት የሚያውቅ እጅ ነው። አላቢ የነበሩት ሁለት ናችሁ። አንዱ ሮማናት ጎማ ያስጠግን ነበር። ሌላው ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት።»

ኣቶ ኣታኽልቲ ሱሪውን አየ። እጁ ጫፉን እንደያዘ ነው።

«ልማድ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። «ልማድ ነው! እና ምን ይሁን? ከጉድጓድ ያወጣሁትን ንብረት ትናንት የመጣ የገመድ ቀጣይ ሊደፋብኝ? በገዛ ታንከሬ? 'ውጣ' አልኩት፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ለእኔ ጀርባውን! ደግሞ ምን ይሆናሉ? ወተት እኮ ይፈላል!»

«እርጎውስ ይፈላል?» አለች ለተኪዳን።

ሰውየው የሱሪውን ጫፍ ለቀቀ።

ኑርሁሴን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «ልጄ እርጎውን ነው የሚወደው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ነው ኣታኽልቲን ሊይዘው የተወረወረው፤ ሔሩይ ባያቅፈው ሌላ ሬሳ ይኖር ነበር።

«ነገ ጧት ልጅህን ሆስፒታል እንወስደዋለን» አለችው ኢንስፔክተሯ። «አንተና እኔ። ማቲያስም ሊነግርህ የፈለገው ይህንኑ ነው። ሌባ አላለህም።»

ኑርሁሴን ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኣታኽልቲን ይዘውት ሲሄዱ የማቲያስ ስልክ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንደገና ጮኸ። ለተኪዳን አነሣችው።

«ማቲ! ቀኑ መሸ እኮ፤ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«አይመጣም» አለች። «ሁለተኛውን እርሻ አልጨረሰም ነበር። እኛ እየጨረስንለት ነው።»

ለማስረጃ አንድ ጠርሙስ ወተት አሽጋ ወሰደች። የሕፃናት ማቆያው መኪና ግቢው በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ያሰማል። ወደ ታንከሩ ክፍል በካልሲ ገባች፤ የቢራ ሳጥኑን በእግሯ ገፍታ ወደ ግድግዳው አሽቀነጠረችው። ማብሪያውን አጠፋች፣ በእርጥቡ ወለል ላይ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ከፈተች። ወተቱ ነጭ ሆኖ ወደ ቦዩ ወረደ፤ ረጅም ጊዜ ወረደ።

ኑርሁሴን ማንም ሳይጠራው ገብቶ ነበር። ከበሩ አጠገብ ቆሞ ማብሪያውን በመዳፉ ሸፍኖታል፤ ታንከሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጁን አላነሣም።